የአሶሳው ባምያ በሥጋ፣ በስምንት ሰዓት ድስት

አሶሳ ውስጥ አመሻሽ ላይ በእግሩ የሚሄድ ሰው ምግብ ቤት አጠገብ መድረሱን አፍንጫው ይነግረዋል። አዲስ አበባ የለመድነው የጥብስና የቁሌት ሽታ እዚያም አለ። ከእሱ ጋር ግን ድንብላል፣ ነጭ ሽንኩርትና የደረቀ ባምያ የተገናኙበት፣ ከኩርሙክ ማዶ ያለውን የሱዳን ማዕድ የሚያስታውስ ሌላ መዓዛ ይመጣል። ባምያ በሥጋ ነው። ሥጋው ከጠዋት ጀምሮ ተጥዶ ከአጥንቱ ተላቋል፤ መረቁም ወፍሯል። በማሽላ ገንፎ ወይም በዳቦ ይበላል። ቁጭ ብሎ ለመብላት ጊዜ የሌለው አስቋጥሮ ወደ ቤቱ ይወስዳል። አንዳንዱ ቤት ትኩሱን ወጥ በስስ ፌስታል አድርጎ ሲሰጥ አይቻለሁ፤ ይህን እንኳ አልወደድኩትም። ሳህን ወይም ምሳ ዕቃ ይዞ መሄድ ማንንም አያሳፍርም።

ልጄ በሥራ ምክንያት እዚያ መኖር ከጀመረች ዓመታት ተቆጥረዋል። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ በዓመት አንድ ጊዜ የልጅ ልጆቼን ለማየት እሄዳለሁ። ከአዲስ አበባ በአምቦ፣ በነቀምቴ፣ በጊምቢና በመንዲ አድርጎ፣ ባምባሲን አልፎ አሶሳ የሚገባው መንገድ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ድሮ በአውቶቡስ መንገድ ላይ እያደርን እንሄድ ነበር። አሁን በመንገዱ ጸጥታ ምክንያት አቅሙ የፈቀደለት በአውሮፕላን ይሄዳል።

ለከተማዋ እንግዳ አይደለሁም። በ1979 ዓ.ም. የነርስነት ዲፕሎማዬን ይዤ የተመደብኩት በዚያው አካባቢ ነበር። አሶሳ ያን ጊዜ በወለጋ ክፍለ ሀገር ሥር ያለች አውራጃ ነበረች። በ1977ቱ ድርቅ ከወሎ የመጡ ሰፋሪዎች በቁጥር በሚጠሩ መንደሮች ይኖሩ ነበር፤ ዛሬም «አምባ»፣ «መገሌ»፣ «ሰልጋ» ተብሎ ከኋላው ቁጥር የሚከተልበት የመንደር ስም ትሰማላችሁ። አሁን ዩኒቨርሲቲ አለ፣ ባጃጅ አለ፣ የማላውቃቸው ሰፈሮች በቅለዋል። ከሚያዝያ 2015 ወዲህ ደግሞ የሱዳን ጦርነት ያፈናቀላቸው ብዙ ቤተሰቦች በኩርሙክ በኩል ገብተዋል። ያልተለወጠው የማንጎው ጥላ፣ የቆላው ቀርከሃና የወባ ትንኝ ነው።

ወደ ምድጃው ያመጣኝም ይኸው ትንኝ ነው። ባለፈው ጥቅምት ስሄድ የአራት ዓመቷ የልጅ ልጄ ከወባ ገና ማገገሟ ነበር። ከንፈሯ ነጥቷል፣ ትንሽ ሮጣ ትቀመጣለች። ሄሞግሎቢኗ ሲለካ 8.4 ሆነ። በእሷ ዕድሜ ከ11 በታች የደም ማነስ ይባላል፤ 8.4 ደግሞ ዝም ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። የአይረን ሽሮፕ ታዘዘላትና «ሥጋም አብሏት» ተባለ። በሥጋ ውስጥ ያለው አይረን በጎመንና በምስር ውስጥ ካለው ይልቅ በቀላሉ ወደ ደም ስለሚገባ ትክክለኛ ምክር ነው። ችግሩ ልጅቷ ሥጋ አታኝክም። ጥብስ ከሰጠናት ለረጅም ጊዜ በጉንጯ ይዛ ቆይታ ትተፋዋለች። አያቷ፣ የእኔ ባለቤት ማለት ነው፣ የላይኛው ጥርሱ ሰው ሠራሽ ስለሆነ እሱም ሥጋ ሲቀርብ መረቁን ጠጥቶ ሥጋውን ለሌላ ያስተላልፋል። አንድ ገበታ ላይ ሁለት ሥጋ የማይበሉ ሰዎች አሉ፤ አንዷ በልጅነት፣ አንዱ በእርጅና።

የባምያው መዓዛ ግን ልጅቷን ይጠራታል። ጎረቤታችን የበርታ ተወላጅ ናቸው፤ ሐጅ አድርገው ስለመጡ ሰፈሩ «ሐጂያ» ይላቸዋል። ድስታቸው ሲከፈት ልጅቷ አጥሩ ሥር ትቆማለች። እዚህ ላይ የሚገባችሁ ይመስለኛል፦ እኛ ክርስቲያን ነን፣ እሳቸው ሙስሊም ናቸው። የእነሱን እርድ አንበላም፣ እነሱም የእኛን አይበሉም። ባምያውን አሳምረው የሚሠሩት ምግብ ቤቶችም አብዛኞቹ የሙስሊም ናቸው። ይህ ሁሉም የሚያውቀው፣ ማንም የማይቀየምበት ነገር ነው። ቡናውን፣ ማንጎውን፣ ገንፎውን እንጋራለን። ሥጋው ላይ ስንደርስ የምንጋራው ሙያውን ነው። ስለዚህ ከእኛ ሥጋ ቤት የተገዛውን ሥጋ ይዤ ሐጂያ ዘንድ ሄድኩና እንዲያሳዩኝ ለመንኳቸው።

ሥጋውን አገላብጠው አዩና ሳቁ። ያመጣሁት ከታናሽ ላይ የተቆረጠ፣ ቀይ፣ ለጥብስ የሚሆን ነበር። «ሲስተር፣ ይህን ለወጣቶች ስጪው። ለባምያ ጅማት ያለበትን አምጪ፤ ቅልጥም፣ ወርች። ድስቱ ደግሞ ይንሾካሾክ እንጂ አይጩህ» አሉኝ።

ቀላል አባባል ቢመስልም ሳይንሱ ያለው እዚያው ላይ ነው። ብዙ የሠራ ጡንቻ ጅማትና ኮላጅን ይበዛበታል። በኃይለኛ እሳት ቶሎ ብናበስለው ይኮማተራል፣ ውኃውን ይተፋል፣ ጎማ ይሆናል። ከመፍላት ትንሽ ዝቅ ባለ ሙቀት ለብዙ ሰዓት ከቆየ ግን ኮላጅኑ ወደ ጄላቲን ይቀየራል፤ ሥጋውም በማንኪያ ይለያያል። ጭቅና በዚህ መንገድ ቢበስል ደርቆ ይበጣጠሳል። ለዚህ ሥራ የሚመቸው ርካሹ ሥጋ ነው፤ ቅልጥም፣ ወርች፣ ፍሪምባ።

የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ሥጋ ደግሞ ለዚህ አሠራር የተፈጠረ ነው ማለት ይቻላል። በዳቡስና በአባይ ሸለቆዎች የጼጼ ዝንብ አለ። ይህ ዝንብ ገንዲ የተባለውን የከብት በሽታ ያስተላልፋል፤ በሽታው ከብቱን ያከሳዋል፣ ደሙን ያሳጣዋል። ነገሩን ሳስበው ይገርመኛል፤ ከብቱን ዝንብ፣ ልጁን ትንኝ ደም ያሳጡታል። በዚህም ምክንያት በቆላማው ክፍል እንደ ቦረና ሰንጋ የሰባ ከብት እንደ ልብ አይገኝም፤ ብዙ ቤትም ፍየል ይመርጣል። ለእርድ የሚመጣው በሬ ያረሰ፣ ሩቅ የተነዳ፣ ሥጋው የጠነከረ ሊሆን ይችላል። የአካባቢው ሴቶች ለዚህ መልሱን ያገኙት በትንሽ እሳትና በረጅም ሰዓት ነው።

እኛ ዘንድ መልሱ በካርቶን ታሽጎ ተቀምጦ ነበር። ወንዱ ልጄ ከአሜሪካ በሰው እጅ «ስሎው ኩከር» የሚባለውን የኤሌክትሪክ ድስት ልኮ፣ እህቱ ከቁም ሳጥን በላይ አስቀምጣዋለች። ውስጡ ወፍራም ሸክላ ነው፤ ዙሪያውን ቀስ ብሎ ያሞቀዋል። ኢርቪንግ ናክሰን የተባለ የቺካጎ ሰው እ.ኤ.አ. በ1940 የፈጠራ መብት ያገኘበት ዕቃ ነው። ሐሳቡን ያገኘው እናቱ ከነገረችው ታሪክ ነበር። በሊትዌኒያ ይኖሩ የነበሩ አይሁዶች ሰንበት ከመግባቱ በፊት ሥጋና ባቄላ የሞላበትን ድስት ዳቦ ቤቱ ምድጃ ውስጥ አሳድረው፣ በማግስቱ ትኩሱን ይበሉ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1971 ጀምሮ ሪቫል የተባለው ኩባንያ «ክሮክ ፖት» ብሎ በብዛት ሸጠው። ሐጂያ ዕቃውን ሳሳያቸው ሸክላውን አንኳኩተው «ታዲያ የእኔው ድስት አይደል፤ ጅራት አወጣ እንጂ» አሉ።

ልጆቻችሁ ከአሜሪካ እንዲህ ያለ ዕቃ የላኩላችሁ አንባቢዎች፣ ከመሰካታችሁ በፊት ከሥሩ የተጻፈውን አንብቡ። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት ነው፣ የእኛ 220። 120 ብቻ የሚል ዕቃ በቀጥታ ከተሰካ ከተሠራበት ሦስት እጥፍ በላይ ኃይል ይጎርፍበታል፤ ይቃጠላል፣ ቤትም ሊያቃጥል ይችላል። ሶኬቱን ብቻ የሚያስተካክለው ትንሽ መሰኪያ ቮልቱን አይቀንስም፤ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል። የእኛ ድስት 250 ዋት ስለሆነ 500 ዋት የሚችል ገዛን። መብራት ይበላል ብላችሁ እንዳትፈሩ፤ ስምንት ሰዓት ቢሠራ 2 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። የእንጀራ ምጣዳችን በአንድ ሰዓት ከዚያ ይበልጣል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አንድ ኪሎ ተኩል የቅልጥምና የወርች ሥጋ ከነአጥንቱ፣ በቡጢ መጠን ተቆርጦ። አራት ራስ ሽንኩርት በትንሽ ዘይት እስኪቀላ አቁላሉ፤ ስድስት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ድንብላል፣ ትንሽ ቁንዶ በርበሬ፣ ሁለት የተፈጨ ቲማቲም ጨምሩ። ሥጋውን በዚሁ ቁሌት ላይ ሁሉም ጎኑ ቡናማ እስኪሆን አገላብጡት። ይህን ደረጃ የሚዘሉ አሉ፤ እኔ አልዘልም፤ የምግብ ቤቱን ጣዕም የሚያመጣው እሱ ነው። ከዚያ ሁሉም ወደ ድስቱ ይገባል፣ ሁለት ኩባያ የፈላ ውኃ ይጨመርበታል። እንደ ወጥ ውኃ አታብዙ፤ ክዳኑ እንፋሎቱን ስለሚመልሰው አይጎድልም። የመጀመሪያውን አንድ ሰዓት በከፍተኛው፣ ቀሪውን ሰባት ሰዓት በዝቅተኛው። ክዳኑን ለማየት ብቻ አትክፈቱት፤ በከፈታችሁ ቁጥር የሚወጣውን ሙቀት ለመመለስ እስከ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ልጄ ይህን ማድረግ አልቻለችም፤ በመጨረሻ ክዳኑ ላይ ፎጣ ጣልኩበት።

ስምንተኛው ሰዓት ሲሞላ አጥንቱን አውጡና ሥጋውን እዚያው ድስቱ ውስጥ በእንጨት ማማሰያ አፍርሱት። ሱዳኖች ለዚህ ሙፍራካ የሚሉት፣ በሁለት መዳፍ መካከል የሚሽከረከር እንጨት አላቸው። ከዚያ ሦስት የሾርባ ማንኪያ የደረቀ የባምያ ዱቄት እየነሰነሱ ማማሰል፤ ሱዳኖቹ ወይካ ይሉታል። በአንድ ጊዜ ከተጨመረ ይጓጉላል። መጨረሻ ላይ ሁለት ማንኪያ ተቆልቶ የተወቀጠ ኦቾሎኒ ጨምሩ፤ በክልሉ ኦቾሎኒ ስለሚበቅል ርካሽ ነው። የሻገተውን፣ የጠቆረውንና የመረረውን ፍሬ ለቅማችሁ ጣሉ፤ ሻጋታው የሚያመነጨው አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ጉበት ይጎዳል፣ በመቁላትም አይጠፋም። ጨው ከሁሉ በኋላ። ከጨው በፊት የሕፃኑን ድርሻና የደም ግፊት ያለበትን ሰው ድርሻ ለብቻ አወጣለሁ።

አሁን በነርስነቴ ዝም ማለት የማልችልባቸው ነገሮች። የመጀመሪያው መብራት ነው። ሕዳሴ ግድብ ያለው በዚሁ ክልል፣ ከአባይ ማዶ ጉባ ላይ ነው፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፣ የማመንጨት አቅሙም 5,150 ሜጋ ዋት ነው። እንዲህም ሆኖ ሰፈራችን ውስጥ መብራት ይጠፋል፤ በተለይ ዝናብ ሲመጣ። በቀስታ የሚበስል ሥጋ ጠላቱ ለብታ ነው። ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ሙቀት መካከል ጀርም ይራባል፤ አንዳንዱም በኋላ ብናፈላው የማይጠፋ መርዝ ትቶ ይሄዳል። ቤት ውስጥ ካላችሁና መብራት ከሄደ ወዲያው ሥጋውን ወደ ብረት ድስት ገልብጣችሁ በከሰል ጨርሱት። ቤት ካልነበራችሁና መቼ እንደጠፋ፣ ስንት ሰዓት እንደቆየ ካላወቃችሁ ግን ይደፋ። አውቃለሁ፣ የሥጋን ዋጋ አውቃለሁ። የአራት ዓመት ልጅ ተቅማጥና ትውከት ይዟት ሌሊት ሕክምና ፍለጋ መሮጥ ምን ማለት እንደሆነም አውቃለሁ።

ሁለተኛው ከሰል ነው፤ ከሁሉም የሚያስፈራኝ እሱ ነው። ሥጋው ቀስ ብሎ ይደር ብሎ የከሰል ምድጃ ቤት ውስጥ አስገብቶ መተኛት ሰው ይገድላል። አሶሳ ክረምቱ ረጅም ስለሆነ ሰው ዝናቡን ሸሽቶ ምድጃውን ያስገባል፣ ትንኙን ሸሽቶ መስኮቱን ይዘጋል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ አያስነጥስም፤ ጭሱ ያለቀ፣ ፍም የሆነ ከሰልም ያወጣዋል። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ሲጀምር የተኛ ሰው አይሰማውም። በሥራ ዘመኔ ጠዋት በቃሬዛ የመጡ አይቻለሁ፤ ከመካከላቸው ያልተነሱ ነበሩ። ከሰል ከቤት ውጭ፣ በረንዳ ላይ፣ በቀን፣ ሰው ነቅቶ እያየው ይሁን።

የኤሌክትሪክ ድስት የሌለው ሰው ከዚህ የሚሻል ዘዴ አለው። ሐጂያ ካሳዩኝ ላይ የራሴን ጨምሬ የሠራሁት ነው። ሥጋውን እስከ አፉ በሞላ ብረት ድስት፣ ክዳኑ ገጥሞ፣ ግማሽ ሰዓት ሙሉ አፍሉት። ትልቅ የቀርከሃ ቅርጫት ውስጥ ደረቅ ጭድ ጎዝጉዙ፤ አሶሳ ላይ ቅርጫቱን ለማግኘት ገበያ ወጣ ማለት ይበቃል። ድስቱን በአሮጌ ጋቢ ጠቅልላችሁ መሐሉ ላይ አስቀምጡት፣ ዙሪያውንና ላዩን በጭድ ሙሉት፣ ብርድ ልብስ ደርቡበት። ያለ እሳት ለሰዓታት ይበስላል። በሦስት ሰዓት አውጥታችሁ ሩብ ሰዓት አፍሉትና መልሱት፤ ሁለት ጊዜ ከተመላለሰ ይፈርሳል። ስትከፍቱት እንፋሎቱ ፊታችሁን መግረፍ አለበት። ለብ ብሎ ካገኛችሁት ቅርጫቱ አልሠራም ማለት ነውና አትብሉት። በትንሽ ድስት አትሞክሩ፤ ቶሎ ይቀዘቅዛል።

ልጄ እንዲበረክት ቀይ ቦሎቄ ልጨምርበት አለች። ቦሎቄ መጨመሩን እወዳለሁ፤ ጥሬውን ወደዚህ ድስት ማስገባት ግን ክልክል ነው። ጥሬ ቀይ ቦሎቄ በሆድ ላይ ኃይለኛ ትውከት የሚያመጣ መርዝ አለው፤ የስሎው ኩከር ዝቅተኛ ሙቀትም መርዙን ላያጠፋው ይችላል። አሳድራችሁ ዘፍዝፉ፣ ውኃውን ድፉ፣ በአዲስ ውኃ በኃይል አንተክትኩት። ቢያንስ አሥር ደቂቃ ይባላል፤ እኔ ግማሽ ሰዓት አደርገዋለሁ። ከዚያ በኋላ ይግባ።

ስለ ሥጋው አገዛዝ አንድ ነገር ልጨምር። ረጅም መብሰል የኮሶ ትልን እጭ ከረጢት ያጠፋል፤ ጥሬ ሥጋ ከምንወድ ሰዎች ይህ ትንሽ ጥቅም አይደለም። አባ ሰንጋን ግን አያድንም፤ ስፖሩ የወጥ ሙቀት ይቋቋማል። ታሞ የሞተ ወይም ሊሞት ሲል የታረደ ከብት ሥጋ በምንም ዋጋ፣ በምንም ዓይነት ድስት አይበላም።

ልጅቷ የመጀመሪያ ቀን የበላችው ሦስት ማንኪያ ነበር። ከገንፎው ጋር ተለውሶ ስለቀረበላት ሥጋ መሆኑን አላወቀችም፤ ወንድሟ ነገራትና አኮረፈች። በሦስተኛው ቀን ራሷ ጠየቀች። አያቷ ጥርሱን አውልቆ ኪሱ ከቶ በላ፤ በሰው ፊት ይህን ሲያደርግ ሳየው መጀመሪያዬ ነው። ረቡዕና ዓርብ እኛ ስንጾም ለእሷ ብቻ ሞቆ ይቀርባል፤ ከሰባት ዓመት በታች ላለ ልጅ፣ ለዚያውም ደም ላነሰው፣ ጾም አይጠየቅም። ከምግቡ ጋር ሻይ ትጠጣ የነበረውን አስቀረሁት፤ ሻይ አይረኑን ከሰውነት ጋር እንዳይዋሃድ ይይዘዋል። በምትኩ ፓፓያ ወይም ብርቱካን፣ በሚያዝያና በግንቦት ሲሆን ማንጎ፤ ቫይታሚን ሲ አይረኑን ያስገባል። ከስድስት ሳምንት በኋላ ልኬቷ 10.6 ደረሰ። ትልቁን ሥራ የሠራው ሽሮፑ ነው፤ ወጡ ሽሮፑን የሚተካ እንዳይመስላችሁ። የአይረን ሽሮፕ የሚወስድ ልጅ ያላችሁም ጠርሙሱን ልጅ በማይደርስበት ቦታ ቆልፉበት፤ ጣፋጭ መስሎት የጠጣ ልጅ ይመረዛል።

የተረፈው ወጥ በትልቁ ድስት እንዳለ አይደር። በትናንሽ ዕቃ ከፋፍላችሁ፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ አስገቡት፤ ሦስት ቀን ይቆያል። ሲሞቅ በእሳት ላይ እስኪንተከተክ ይሁን፤ ቀስ አብሳዩ ድስት ለማሞቂያ አይሆንም፣ ለብ እያለ ብዙ ስለሚቆይ። የደረቀ ባምያ ከአሶሳ የሚመጣ ሰው ካላችሁ አስመጡ፤ ክብደት የለውም፣ በደረቅ ጠርሙስ ተከድኖ ወራት ይቆያል። አዲስ አበባ ላላችሁ እርጥቡ ባምያ ከአትክልት ተራ ይገኛል። ግማሽ ኪሎውን አጥባችሁ፣ በጨርቅ አድርቃችሁ፣ ጫፍና ጫፉን ቆርጣችሁ በመጨረሻው አንድ ሰዓት ላይ ጨምሩት፤ ከዚያ በፊት ከገባ ሟምቶ ይጠፋል።